የሁዳዴ ደንበኛ

ሲያትል ሳለሁ የሠራሁበት ጀማሪ ኩባንያ በሁለት ዓመቱ ተዘጋ። ባለቤቱ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደከሰረ አንድ በአንድ ተረከ። ተጨበጨበለት። እዚያ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፌይልኮን የሚባል፣ የከሰሩ ሰዎች ስለ ክስረታቸው የሚያወሩበት ጉባኤ ሁሉ ጀምረዋል። እኔም ብዙ ሰምቻለሁ፤ አልተማርኩም እንጂ።

ባሕር ዳር ስመለስ ከአክስቴ ልጅ ጋር የጣና ዓሣ በስልክ ታዝዞ ቤት ድረስ የሚመጣበት መተግበሪያ ሠራን። የጀመርነው በሁዳዴ ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ገበያው ግን በጾም ነው የሚደራው።) ትእዛዙ ጎረፈ። ትልቅ ፍሪዘር ገዛን። ሁለት ሞተረኛ ቀጠርን።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የምንረከባቸው እትዬ ነበሩ። ቆሮሶውን አንስተው የጆሮውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ያደርጉና ቅላቱን ያሳዩኛል። ፍሪዘር መግዛታችንን የሰሙ ቀን ቢላቸውን አስቀመጡና፣ “ልጄ፣ በጉና ዶሮው ሲመጣስ ማን ሊበላላችሁ ነው?” አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ስልኬ ላይ ግራፉ ሽቅብ እየወጣ ማን ይሰማል!

55ቱ ቀን አለቀ። በፋሲካ ሳምንት የመጣው ትእዛዝ ሦስት። መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ፍሪዘሩን ስንከፍተው የሆነውን አልነግራችሁም።

ለነገሩ ፈረንጁም ያው ነው። ፔሎተን የሚባለው የቤት ውስጥ ብስክሌት ሻጭ በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ሲከተት ገበያው ደራለት። በ2021 ኦሃዮ ውስጥ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ ሊሠራ ተነሳ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በ2022 ዕቅዱን ሰረዘ። ኮሮና ሁዳዴው ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ ብሩ ላይ ነው። ያ የተጨበጨበለት ሰውዬ ያጠፋው፣ ከብዙ ኩባንያ አንዱ ከቀናቸው የሚበቃቸውን ባለሀብቶች ገንዘብ ነው። “ቶሎ ሞክር፣ ቶሎ ውደቅ” ማለት ለእነሱ ይቀላቸዋል። የእኛ ፍሪዘር የተገዛው በአክስቴ ዕቁብ ነው። ጣሪያቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ሊያስለውጡበት የነበረ።

ሐምሌ ላይ እንደ ሰውዬው ልናዘዝ ቤታቸው ሄድኩ። ስህተቴን ከአንድ እስከ አራት ቆጥሬ ተዘጋጅቻለሁ። ሁለተኛው ላይ ሳልደርስ፣ “ተወው እስቲ፣ ቡናህ ቀዘቀዘ” አሉኝ። ሳሎኑ መሃል በተቀመጠው ሳፋ ላይ ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።