ጠጥቶ የገደለ ሹፌር ክስ የሚወሰነው ገና በሌሊቱ ነው

በጥርና በሚያዝያ እሁዶች ባህር ዳር ላይ የሰርግ አጀብ ያላየ የለም። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ወደ ጣና ዳር ይወርዳሉ። አጃቢዎቹ ኢመርጀንሲ እያበሩ፣ ጥሩምባ እያስጮሁ ይከተላሉ። ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ የሚጨፍር አይጠፋም። መሪ የያዘውም ከጠዋት ጀምሮ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" ሲባል የዋለ ነው። ቁልፉን ተቀበሉት የሚል ግን የለም። ነውር ነዋ!

ሰው ሲሞት ደግሞ ሁላችንም ሕግ አዋቂ ነን። "ሰክሮ ሰው ገድሎ ሁለት ዓመት? ሕጉ ላልቷል" እንላለን። በእኔ እምነት የላላው ሕጉ አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በደረጃ ይከፍለዋል። ሙያው የሰው ሕይወት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሰው፣ ሹፌርን ጨምሮ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ፣ ወይም አጥፊው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ካሳተ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በመጠጥ ምክንያት ከታችኛው ወደ ላይኛው ለመሻገር ዐቃቤ ሕግ ስካሩን ማስረዳት አለበት። "አፉ ይሸት ነበር" የሚል ምስክር ደግሞ በመስቀለኛ ጥያቄ ብዙ አይቆምም።

የ2003ቱ የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208 ወሰኑን በ1 ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ላይ አድርጎት ነበር። ችግሩ፣ አልኮል ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሰውነት በአማካይ በሰዓት ከ1 ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ ያጠፋዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 1.1 ግራም የነበረው ሹፌር 10 ሰዓት ላይ ሲመረመር 0.5 ገደማ ይገኝበታል። በዚያ ወሰን፣ በወረቀት ላይ ጨዋ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ የተጎዳው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲወሰድ ሹፌሩም አብሮ ሄዶ ደሙ በዚያው ሰዓት መቀዳት አለበት። የተቀዳበት ደቂቃም ይጻፍ። ቃል መቀበሉ፣ የአደጋውን ቦታ ፕላን ማንሳቱ፣ መኪና ማስጎተቱ ሁሉ ለነገ ቢያድር ግድ የለም።

"ለምን በግድያ አይከሰስም?" የሚሉም አሉ። በካሊፎርኒያ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጠጥቶ የገደለን ሹፌር በነፍስ ግድያ መክሰስ ይቻላል። የእኛም ሕግ አንቀጽ 58 ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ "የመጣው ይምጣ" ብሎ ያደረገን ሰው አስቦ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። በር አለ። ግን ስካሩን ማስረዳት ያቃተው ከሳሽ ሐሳቡን በምን ሊያስረዳ ነው?

ጫቱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ፣ ከዚያ ሌሊቱን ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መንዳት ብርቅ አይደለም። እንደ 0.8 ያለው ወሰን የሚለካው አልኮሉን ብቻ ነው። መርቅኖ፣ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ የሚነዳ ሰው የትንፋሽ አልኮል መለኪያው ውስጥ ቢነፋ ዜሮ ይወጣለታል።

የሽምግልናውንም ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሽማግሌ ለቅሶ ቤት መሄዱን አልጠላም፤ እርቅ ከሌለ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቀበሌ መኖር አይችልም። ካሳው ይከፈል፣ ይቅርታው ይጠየቅ። ፍርድ ቤትም ጸጸትንና ካሳን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋል። ነገር ግን "ቀኑ ደርሶ ነው" ተብሎ የአጃቢው መኪና ተሳፋሪ ሁሉ ያየውን ሲረሳ፣ ያ እርቅ አይባልም። ሲጠጣ አብረውት የነበሩት፣ "ይቺን ብቻ" ያሉት ሰዎች ዋና ምስክሮች ናቸው። ከምስክሮች ሁሉ ፖሊስ መጀመሪያ መጥራት ያለበት እነሱን ነው።