«ፕሪባውትኪ»ን በፈረንሳይኛ መዝፈን ይብቃ

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ኢጎር ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1914 ለአንድ ድምፅና ለ8 መሣሪያዎች በሩሲያኛ የጻፋቸውን አራት አጫጭር ዘፈኖች፣ «ፕሪባውትኪ»ን፣ ዛሬም በፈረንሳይኛ የሚያቀርቡ አልጠፉም። መከራከሪያቸው የሚናቅ አይደለም። ትርጉሙን የሠራው የስዊሱ ደራሲ ራሙ ነው፤ የሠራውም ከስትራቪንስኪ ጋር ተቀምጦ ነው። እኔ ግን አልስማማም።

ግጥሞቹ የሩሲያ ተረት ሰብሳቢው አፋናሲየቭ ከሰበሰባቸው የሩሲያ ገበሬዎች ቃል ግጥሞች የተወሰዱ ናቸው። ስትራቪንስኪ ቃሉን ወሰደ፤ ዜማውን ራሱ ፈጠረ። ሦስተኛውን ዘፈን፣ «ኮሎኔሉ»ን፣ እንይ። «ፓሾል ፓልኮቭኒክ ፓጉልያት» ብሎ ይጀምራል። ኮሎኔሉ ሊንሸራሸር ወጥቶ ድርጭት ይይዛል፤ ድርጭቷ ውኃ ጠምቷት ትበራለች፣ በረዶ ሥር ትገባለች፣ ቄስ ትይዛለች። ከሞላ ጎደል ቃሉ ሁሉ በ«ፕ» ይነሳል። በፈረንሳይኛ ታሪኩ ይተርፋል፣ ጨዋታው ይቀራል፤ ታሪኩ ደግሞ መጀመሪያውኑም ይህን ያህል ታሪክ አልነበረም!

ሌላው ጉዳይ ጫና ነው፤ ማለትም በአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ክፍለ ቃል ከሌሎቹ ጎልቶ መነገሩ። የሩሲያ ገበሬ ሲዘፍን ጫናው ከንግግሩ ቦታ ይለቃል፤ ያው ቃል ሲደገም ሌላ ክፍለ ቃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስትራቪንስኪ ሥራውን ያቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሩሲያኛ አውቃለሁ የሚል ዘፋኝ ጫናውን ወደ ንግግሩ ሲመልስ ዘፈኑን ያበላሸዋል። የተጻፈው ይዘፈን። ለልምምድ መጀመሪያ ዜማውን ትቶ ቃሉን በተጻፈው ምት ብቻ ማለት፣ ቀጥሎ ከባሱንና ከደብል ቤዝ ጋር መድገም፣ በመጨረሻ ሌሎቹን ስድስቱን (ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ) ማስገባት ይበጃል። የምቱ አከፋፈል ሲቀያየር ትንሿ ምት እኩል መቆየት አለባት፤ መሪው እዚያ ላይ ካዘገመ ቀልዱ ይሞታል። የኦፔራ ድምፅ ማንቀጥቀጥም አያስፈልግም። «ፕ»ዋ ትንፋሽ ሳይወጣባት ደረቅ ብላ ትፈንዳ።

መሣሪያ ቃሉን መከተል እንዳለበት «ሰርጉ» የተባለው ሌላው የስትራቪንስኪ ሥራ ይመሰክራል። በትልቅ ኦርኬስትራ ሞከረው፣ በ1919 በሜካኒካል ፒያኖ፣ በሃርሞኒየምና በሁለት ሲምባሎም (ክሮቹ በትንንሽ መዶሻ የሚመቱ መሣሪያ) ሞከረው። በ1923 ፓሪስ ላይ የታየው በ4 ፒያኖና በከበሮ መሰል መሣሪያዎች ነው፤ ያ ደረቅ ምት ለዚያ ቃል ተስማማው።

ጫናን ከቦታው የማንሳትን ብልሃት በአማርኛ ቃል ግጥም ላይ ለሚሞክር የሙዚቃ ደራሲ ግን አንድ ነገር ልበል። የእኛ ቋንቋ ጫናው ደካማ ስለሆነ ከቦታው ቢነሳ ጆሮ ብዙም አይጎረብጠውም። የማይነካው መጥበቅና መላላቱ ነው፤ በፈጣን ምት «ና» ሳይጠብቅ ካለፈ የገና በዓል «ገና ነው» ወደሚለው ይለወጣል። ለሚጠብቀው ፊደል ከእሱ ቀድሞ ካለው አናባቢ ላይ ትንሽ ምት ቀንሶ እዚያው ማቆየት ያስፈልጋል፤ ይህም በዘፋኙ ስሜት ከሚተው ኖታው ላይ ቢጻፍ ይሻላል።