ዩሮሎጂን ከደብረ ማርቆስ ሳይወጡ መማር

ዩሮሎጂን፣ ማለትም የሽንት አካላትንና የወንድ መራቢያ አካላትን ሕክምናና ቀዶ ሕክምና፣ በኦንላይን መማር ይቻላል ወይ? ጎጃም ውስጥ የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ዱቲ ክፍል ሻይ እየጠጡ ይከራከሩበታል። አንዱ "ቀዶ ሕክምና ደግሞ በስልክ ይማሩታል እንዴ?" ይላል። ሌላዋ "ታዲያ ልጆቼን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ለዓመታት አዲስ አበባ ልቀመጥ?" ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የኔ አቋም ይህ ነው። ሐኪሙ ዕውቀቱን ባለበት ቦታ ይማር። እጁን ግን አንድ አንጋፋ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ይየው፣ ያርመው፣ ይመስክርለት። ሁለቱን አጣምሮ የሚያስኬድ ሥርዓት ጎጃም ላይ መጀመር አለበት። ጊዜው አሁን ነው ብዬም አምናለሁ።

እስቲ ከበሽተኛው እንነሳ። ዕድሜያቸው 60ን የተሻገረ አንድ የማቻከል ገበሬ አስቡ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ለማንም አይናገሩም። "እርጅና ነው" ብለው ያልፉታል። አንድ ቀን ሽንታቸው ጭራሽ ይታገዳል። ከእምብርታቸው በታች አብጦ፣ በላብ ተጠምቀው ጤና ጣቢያ ይደርሳሉ። ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ይገባላቸዋል። እፎይ ብለው ነርሷን ይመርቃሉ። ከዚያ "ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ" ይባላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ወረፋው ይረዝማል። ለጊዜው የተባለው ቱቦ ይሰነብታል። አባታችን የሽንት ከረጢቱን ከጋቢያቸው ሥር ይደብቁታል። ሽታው ሰው እንዳይደርስበት ለቅሶ ቤት ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ማኅበር ይቀራሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ቱቦው በየጊዜው መቀየር አለበት። በተቀየረ ቁጥር መሳፈሪያ ያስፈልጋል፣ አጃቢ ያስፈልጋል፣ የሥራ ቀን ይባክናል። ካልተቀየረ ደግሞ ይደፈናል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ይህ እንግዳ በሽታ አይደለም። በ60ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት ፕሮስቴታቸው፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ቧንቧውን የከበበው ዕጢ፣ አድጓል። በ80ዎቹ ዕድሜ ደግሞ አብዛኞቹ። ካንሰር አይደለም፤ የዕድሜ ነገር ነው። ሁሉም አይቸገርበትም። የሚቸገረው ግን በየወረዳው አለ።

አሁን ልብ በሉ። እኚህ አባት ከደረሰባቸው መከራ ብዙው ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው። ሽንት ለመጀመሪያ ጊዜ የታገደበት ሰው ቱቦ ከገባለት በኋላ ታምሱሎሲን የመሰለ፣ የሽንት መውጫውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሊጀመርለት ይገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቱቦው ወጥቶ ይሞከራል። ብዙዎቹ በራሳቸው ይሸናሉ። ይህን የሚያውቅ ጠቅላላ ሐኪም ወረዳ ሆስፒታል ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ መሸማቀቅ ባልመጣ ነበር።

ቱቦው ሲገባም ዕውቀት ይፈልጋል። ጫፉ ላይ ያለው ባሉን መነፋት ያለበት ቱቦው የሽንት ፊኛ ውስጥ መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ሽንት መውረድ ሳይጀምር በችኮላ ከተነፋ የሽንት ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል። ሰውየው በአንድ በሽታ መጥቶ በሁለት ይመለሳል። የጠበበውን ቧንቧ መጠገን ደግሞ ከፕሮስቴቱ የባሰ ሥራ ነው። አንዳንዴ ከጉንጭ ውስጥ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል።

አንድ ልጨምር። የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት ድንገት የዘር ፍሬውን ያመዋል። አፍሮ ለአባቱ "ሆዴን ነው" ይላል። የዘር ፍሬው ተጠማዝዞ ደም ተቋርጦበት ከሆነ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ የመዳን ዕድሉ በየሰዓቱ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ሪፈር ተጽፎ፣ አምቡላንስ ተፈልጎ፣ ነዳጅ ተሞልቶ፣ መንገዱም ሰላም ቢሆን እንኳ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ይህን ልጅ አዲስ አበባ ያለ ፕሮፌሰር አያድነውም። የሚያድነው "ሆዴን ነው" ሲል ልብሱን አስወልቆ የሚያየው የመጀመሪያው ሐኪም ነው። ኦፕሬሽኑን እዚያው ያለ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ሊሠራው ይችላል።

ይህ ሁሉ በኦንላይን የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሞጁል አንብቦ፣ ኬዝ ተወያይቶ፣ ፈተና ወስዶ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ሐኪሙ ማታ የተማረውን ጠዋት ራውንድ ላይ ይጠቀምበታል። አዲስ አበባ ሄዶ ቢማረው ግን ያ ሁሉ ጊዜ ለወረዳው በሽተኛ ባዶ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሄደው አይመለሱም። አልፈርድባቸውም። ሰው ትዳሩን መሥርቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቶ ከርሞ መመለስ ይከብደዋል።

ወደ ከባዱ እንሂድ። ያደገ ፕሮስቴት በቀዶ ሕክምና የሚወጣባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ ከእምብርት በታች ከፍቶ ማውጣት ነው። ሌላው በሽንት ቧንቧ በኩል ካሜራ ያለው መሣሪያ አስገብቶ እየቆራረሱ ማውጣት ነው። ሐኪሞች ቲዩአርፒ ይሉታል። ሆድ አይከፈትም። በሽተኛው ቶሎ ቤቱ ይገባል።

እዚህ ላይ ዩሮሎጂን ለኦንላይን ትምህርት የሚያመቸው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው አያስበውም። ቲዩአርፒ የሚሠራው ሐኪም ዛሬ ራሱ የሚያየው ስክሪን ነው። ስለዚህ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆኖ ቪዲዮውን የሚያየው ተማሪ ምስሉን የሚያየው ቀዶ ሐኪሙ እንዳየው ነው። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ እንዲህ አይደለም። ያኔ ካሜራው ጥልቀቱን በደንብ አያሳይም፤ የሐኪሙ ጣት የሚነካውንማ ጭራሽ አያሳይም። በቲዩአርፒ ግን ቬሩሞንታነም የምትባለዋን ትንሽ እብጠት ተማሪው ደጋግሞ ማየት ይችላል። ቪዲዮውን አቁሞ ያጠናታል። ከእሷ አልፎ ወደ ታች መቁረጥ አይፈቀድም። ታች ያለው ጡንቻ ከተጎዳ ሰውየው ሽንቱን መቋጠር ያቅተዋል።

ግን እውነተኛው ኦፕሬሽን ላይ ደም ሲፈስ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይቀላል። ምልክቷ ትጠፋለች። ደሙ ከየት እንደሚመጣ ፈልጎ ማቆም ያስፈልጋል። ሰዓቱም ይሄዳል። ለማጠቢያ የሚገባው ፈሳሽ ግላይሲን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ወደ ደም እየሰረገ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያወርዳል። በሽተኛው ግራ መጋባት ይጀምራል። ለዚህ ነው ሥራው ከ1 ሰዓት ብዙ እንዳያልፍ የሚመከረው። "እዚህ ላይ ይብቃኝ" ብሎ መውጣት በቪዲዮ አይለመድም። ከጎን የቆመ ሰው "ቆይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው" ሲል ነው የሚለመደው።

በዓለም ላይ ያሉት ጥሩ የኦንላይን ፕሮግራሞች ይህን አይክዱም። የስኮትላንዱ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ከኤድንብራ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ (ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ) ጋር ሆኖ በዩሮሎጂ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን ይሰጣል። ከሥራ ጎን ለጎን ሁለት ዓመት ይፈጃል። የታሰበው ግን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እየሠለጠነ ላለ፣ ወደ ስፔሻሊስት ፈተና ለተቃረበ ሐኪም ነው። ሠልጣኙ እጁን የሚያፍታታው በራሱ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን፣ ውይይቱንና የምርምር ሥራውን ይጨምርለታል። ያንን ወረቀት ይዞ "ዩሮሎጂስት ነኝ" ማለት አይቻልም። ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሽተኛ ይጎዳል።

የክፍያው ነገር ደግሞ አለ። በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከወረደ በኋላ የአንድ ሐኪም የዓመት ደመወዝ ቢጠራቀም የዓመቱን ክፍያ አይሸፍንም። የኬንያ ወይም የዑጋንዳ ሐኪም ለርቀት ማስተርስ የኮመንዌልዝ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር፣ ስኮላርሺፕ ማመልከት ይችላል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኛው ያ በር የለውም። ስለዚህ "ራስህ ከፍለህ ተማር" ማለት "አትማር" ማለት ነው።

ለኛ የሚቀርበው ሌላ መንገድ ነው። የምሥራቅ፣ መካከለኛና ደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ኮሴክሳ፣ ከተመሠረተ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ታንዛኒያ፣ አሩሻ ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ኮሌጁ የራሱ ግቢ የለውም። ሠልጣኙ ዕውቅና በተሰጠው ሆስፒታል ደመወዙን እያገኘ ይሠራል፣ የሠራውን ኦፕሬሽን ሎግ ቡክ ላይ ይመዘግባል፣ ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን ይከታተላል። መጨረሻ ላይ የጽሑፍና የቃል ፈተና ይቀመጣል። ዩሮሎጂ ከሚሰጣቸው ስፔሻሊቲዎች አንዱ ነው። ዋናው ጥያቄ የጎጃም ሆስፒታሎች የዩሮሎጂ ሠልጣኝ ተቀብለው፣ የሚያሠለጥነው አንጋፋ መድበው፣ ዕውቅናውን መያዝ ይችላሉ ወይ ነው።

"የርቀት ትምህርት" ሲባል ሰው የሚጠረጥረው በምክንያት ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ሲታደን የከረመበት አገር ነው። ግን ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያስደግማሉ። ብቻውን መቁጠሩን ማንም አልነቀፈም። መምህሩ ፊት ሳይቆም ግን መምህር የሆነ የለም።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ምስክር ናቸው። በፊስቱላ፣ በአስቸጋሪ ምጥ ሳቢያ ሽንት መቋጠር በሚያሳጣ ጉዳት፣ ተጎድተው ወደ ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት አልገቡም። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ መሣሪያ ከማቀበል ተነሥተው፣ ዓመታት እያዩና እየታረሙ፣ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የሃምሊን ማዕከል ዛሬ ባሕር ዳርም አለ። የሳቸውን እጅ ያዩ ሰዎች መሰከሩላቸው። እንዲህ ያለ ምስክርነት ከወረቀት ይበልጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መስመሩ ይስተካከል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ኦንላይን የሚማር ሐኪም ምን ያህል ሞጁል፣ ምን ያህል ፈተና እንደሚያመልጠው መገመት አያዳግትም። ሆስፒታሎች አስተማማኝ መስመር ያለው አንድ ክፍል ይኑራቸው። ትምህርቱም መስመር ሲኖር ወርዶ፣ በሌለበት የሚነበብ ይሁን። ሰላሙ ካልመጣ ግን ይህም ግማሽ መፍትሔ ነው።

ጊዜም ይሰጥ። ሙሉ ሌሊት ዱቲ ያደረ ሰው ንጋት ላይ ሞጁል አያነብም። በሳምንት አንድ ቀን ከዎርድ ሥራ ነጻ ይሁን። ይህ ቀን በደብዳቤ ይጻፍለት፤ "እናያለን" አይበቃም። የቲዩአርፒ መሣሪያ ያልተሟላበት ቦታ ቲዩአርፒ ማስተማር ልፋት ብቻ ስለሆነ እሱም አብሮ ይታሰብ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም የኦንላይን ወረቀት ለምን እንደሚቆጠርና ለምን እንደማይቆጠር ሐኪሙ ከመክፈሉ በፊት በግልጽ ይንገረው።

የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ቁጭ ብለው በሁለት ቀዶ ሐኪሞች ይጀምሩት። ክፍያቸው በጋራ ይሸፈን፣ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርሙ። በዓመት ለተወሰኑ ወራት አንጋፋ ዩሮሎጂስት ጋ ሄደው እጃቸውን ያፍታቱ። በቀረው ጊዜ አንጋፋው በየተወሰነ ወሩ ደብረ ማርቆስ እየመጣ ወረፋ የሚጠብቁትን አባቶች አብሯቸው ኦፕሬሽን ይሥራ። ሎግ ቡካቸው በየሩብ ዓመቱ ይታይ። ዩሮሎጂስት የሚለውን ማዕረግ የሚያገኙት ፈታኞች ፊት ቀርበው ሲያልፉ ይሁን።