አንድ በግ፣ ሁለት ቁርጥ ሐሳብ

የክርክሩ ጥያቄ፦ አስተዋይ ሰው ሊያደርግ የቆረጣቸው ነገሮች እርስ በርስ መስማማት አለባቸው?

ከደብረ ብርሃን፦
ጎረቤቴ አንድ አውራ በግ አለው። ለፋሲካ ሊሸጠው ቆርጧል። ያንኑ በግ ለዘር ሊያስቀረውም ቆርጧል። ብሩን ለቆርቆሮ መድቧል፤ ለሚወለዱት ግልገሎችም በረት እያሰፋ ነው። ምኞት ቢጋጭ ግድ የለም። ቁርጥ ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ የነገ ሥራ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ማይክል ብራትማንም የሚለው ይህንኑ ነው፦ የሚጋጭ ሐሳብ ዕቅድ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው ልቡን የሳተ ነው።

ከደብረ ሲና፦
ጋሼ፣ «ልቡን የሳተ» ያሉትን ያንሱልኝ። እናቴ በጣርማ በር ጉም ውስጥ በግ እየጎተተች ገበያ ትሄድ ነበር። ነጋዴው ላቱን እየዳሰሰ ዋጋ ሲሰብር፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ዝም ትላለች። ልትሸጠውም፣ ልትመልሰውም ነው የወጣችው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲባል አልሰሙም?

ከደብረ ብርሃን፦
የእናትህ ሐሳብ እኮ አንድ ነው። ዋጋ ካገኘች ትሸጣለች፣ ካጣች ትመልሳለች። ምኑ ይጋጫል? ብራትማን ምሳሌ አለው። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሁለት የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወታል። ሁለቱንም ዒላማ መምታት እንዳይቻል ጨዋታዎቹ ተያይዘዋል። ሁለቱንም ቢሞክር ያዋጣዋል፤ አንዱን የመምታት ዕድሉ ይሰፋልና። ሁለቱንም እመታለሁ ብሎ ግን አልቆረጠም።

ከደብረ ሲና፦
ጨዋታውን ይተዉት፤ ቃሉን አላነሱም። ውርጭ በአንድ ሌሊት ገብስ በሚያቃጥልበት አገር አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ የሚያድር ማን ነው? ደግሞስ የሰው ወሰን ሊገፋ ያቀደ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ይገጥማል። ቀኑንም፣ ምስክሩንም፣ ድንጋዩንም አስቦበታል። አስተዋይ ሊሉት ነው?

ከደብረ ብርሃን፦
እሺ፣ «ልቡን የሳተ» የሚለውን ትቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ጎረቤቴ ያን በግ ለሴት በጎቼ ሊያውሰኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አምኜው ሌላ አውራ ሳልገዛ ቀረሁ። በዚያው ሳምንት ከነጋዴ ቀብድ ተቀበለ።

ከደብረ ሲና፦
እንዲያ ይበሉኛ! ይሄማ ቃል ማፍረስ ነው። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በእሱ ጥፋት ግን ሁለት ያሰበን ሁሉ አይውቀሱ።

ከደብረ ብርሃን፦
ቃል ማፍረስ ብቻ ቢሆን በቀለለኝ። ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አልዋሸኝም፤ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ለእኔም ሊያውሰኝ፣ ለነጋዴውም ሊሰጥ ከልቡ ቆርጦ ነበር። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው።