ሳይቀምስ ለሚያጎርስ እጅ

የደብረ ብርሃን ሌሊት እንደምታውቁት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ውሻው እንኳ ብርዱን ፈርቶ አይጮህም። አጎቴ ግን ነቅተዋል። ጋቢ ተከናንበው፣ ከጋቢው ሥር ስልካቸውን አብርተው፣ ለዘመድ አዝማድ ቁርስ እያሰናዱ ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ በተባለ ብርሃን ነው። አሁን ብርሃኑ ከጋቢ ሥር ነው የሚወጣው።

ፀሐይ እስክትሞቅ አሥራ ሰባት መልእክት ይደርሰኛል። ሁሉም ከኢንተርኔት የተለቀመ። ሁሉም «ለሚወዱት ሰው ሼር ያድርጉ» የሚል። አጎቴ ደግሞ የማይወዱት ሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ተነሥቻለሁ። እሳቸውን ብቻ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ አረቄ ቤት ውስጥ አውራ ጣታቸው የማያርፍ ወገኖቼን ሁሉ። እኔና እናንተ ስስታሞች ነን። መጀመሪያ እናነባለን፣ ከዚያ ከተረፈን እናካፍላለን። እነሱ ግን ሳያነቡ ይሰጣሉ። ለራሳቸው ምንም አያስቀሩም።

የሰሞኑን ገበታ ላስቀምሳችሁ።

ሰኞ የመጣው ጦርነት ነበር። በታሪክ አጭሩ ጦርነት። እንግሊዝና ዛንዚባር፣ በእነሱ አቆጣጠር 1896፣ በእኛ ነሐሴ 1888። ዓድዋ ላይ ድል ካደረግን ገና ስድስት ወሩ ነው። ከ38 እስከ 45 ደቂቃ ፈጅቶ አለቀ ይባላል። የደብረ ሲና ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሞ እስኪሞላ የዛንዚባር ሱልጣን ሁለቴ ይሸነፍ ነበር። ይሄኛው እውነት ነው። አልፎ አልፎ እንዲህ እውነት ይቀላቀልበታል። በዚህ አጎቴን መውቀስ አይገባም፣ ሆን ብለው አይደለም።

ማክሰኞ ቡና መጣ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ጀበናቸው ላይ፣ ማለቴ የቡና ማሽናቸው ላይ፣ ካሜራ ገጠሙ። ደረጃ ወርደው ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት ከወንበራቸው ሆነው ያዩት ጀመር። በኋላ ዓለም ሁሉ በኢንተርኔት አብሮ ሲያይ ኖሮ በ2001 ተዘጋ። ይሄም እውነት ነው። እኔን ያሳዘነኝ ካሜራ ማስፈለጉ ነው። እኛ ሠፈር ቡና ሲቆላ አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣው ጎረቤት መቼ ካሜራ ጠይቆ ያውቃል? በረካው ላይ እንኳ ደርሶ አያውቅም፣ ሁሌ ለአቦል ነው።

ረቡዕ እንቁላል። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ተራ የእንቁላል ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ ላይክ አገኘ። አጎቴ ከላይ «እንቁላል በዓለም ተወደደ» ብለው ጽፈውበት ነበር። እትዬ መልእክቱን አይተው ወዲያው ገበያ ሮጡ። ሳይብስ ልግዛ ብለው ነው።

ሐሙስ የቻይና ግንብ ከጨረቃ ላይ እንደሚታይ ተነገረን። የቻይናው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ በ2003 እ.ኤ.አ. ከምድር ዙሪያ ሆኖ ፈልጎ አላየሁትም አለ። ጨረቃ ደግሞ ከዚያ ስንት እጥፍ ሩቅ ናት። አጎቴ ግን ታያቸው። ክረምት ላይ በጉሙ ምክንያት የራሳቸው አጥር የማይታያቸው ሰው!

ዓርብ የመጣው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

አጎቴ የመንዝ ልጅ ናቸው። ጓሳ ጥግ በግ ሲጠብቁ ነው ያደጉት። በጉም ጭላዳውም አንድ መስክ ላይ ሲግጡ ይውሉ እንደነበር ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። እንግዲህ ዓርብ ሌሊት የላኩት የአንድ ወንድ ጭላዳ ፎቶ ነው። ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ጥርሱን አግጥጦ። ከሥሩ «ሥጋ በሉ የኢትዮጵያ ዝንጀሮ! ከመጥፋቱ በፊት ይመልከቱ!» ይላል። አጎቴ «ተጠንቀቁ» የምትል ጨምረው ላኩት። ለማን? እዚያው መንዝ፣ ጭላዳው ደጁ ላይ ለሚውለው ወንድማቸው ጭምር።

ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከጭላዳ ጋር አይደል እንዴ ያደጉት?»

«አዎ።»

«ሥጋ ሲበላ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ ሣር ነው የሚበላው።»

«ታዲያ?»

«ልጄ፣ ያኔ ኢንተርኔት የት ነበር? በምን እናውቃለን?»

እኔም አላርፍ ብዬ ረጅም መልእክት ጻፍኩላቸው። ጭላዳ ኑሮው በዋናነት ሣር እንደሆነ፣ ከዝንጀሮና ጦጣ ወገን እንዲህ ሣር እየጋጠ የሚኖር ሌላ እንዳልቀረ፣ ከንፈሩን የሚገለብጠውም ከሌላው ጭላዳ ጋር ለመግባባት እንደሆነ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። መልሳቸው በአራት ሰከንድ መጣ። «አሜን» ይላል። መልእክቴንም ለሦስት ግሩፕ ልከውት አገኘሁት። ከጭላዳው ፎቶ ቀጥሎ።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ጠላ ቀድተው ዋንጫውን አቀረቡላቸው። አጎቴ በቀኝ እጃቸው ተቀበሉና ሳይጠጡ ቀና አሉ።

«ቅምሻስ?»

እትዬ ረስተውት ነው። አርባ ዓመት የጠመቁላቸው ሚስታቸው ናቸው።

«ያልተቀመሰ አይጠጣም፣ ደንብ ነው» አሉ አጎቴ ኮስተር ብለው።

እትዬ መዳፋቸውን ዘረጉ። አጎቴ ዋንጫውን ዘንበል አድርገው ጠብ ሲያደርጉላቸው ግራ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ጢን አለ። ዓይናቸው ከእትዬ መዳፍ አልተነሣም። አውራ ጣታቸው ብቻ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተንቀሳቀሰች።

ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ።