«30 ደቂቃ ናት እኮ!»

እነዚህን ሰዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። ታውቋቸዋላችሁ። የትም ልሂድ ብትሉ «በፕሌን እኮ 30 ደቂቃ ናት!» የሚሉትን ማለቴ ነው። ሰሞኑን አንዱ ወዳጄ ከጎንደር ላሊበላ በዚችው 30 ደቂቃ ጠራኝ። «ብድግ ብለህ ና፣ አቦሉ ሳይቀዳ ትደርሳለህ።»

ብድግ አልኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት። በባጃጅ አዘዞ ኤርፖርት። ቀበቶ ፈታሁ፣ ጫማ አወለቅኩ፣ ታጠቅኩ፤ ሁለተኛው ፍተሻ ላይ እንደገና ፈታሁ። ከዚያ «ትንሽ ይዘገያል» ተባለ። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ሦስት ሰዓት ትይዛለች፤ ሆደ ሰፊ ናት። በመጨረሻ በረርን። ወዳጄ አልዋሸም፣ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በመኪና በወረታና በጋሸና ዞሮ እጥፉ ይሆናል፣ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። ውሃዬን ሳልጨርስ አረፍን። ኤርፖርቱ ግን ከላሊበላ ከተማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ከታች ሜዳው ላይ ነው። ዳገቱን የሚያወጣው ሚኒባስ ደግሞ ሳይሞላ አይነሳም። 7 ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። አቦሉ ቀርቶ በረካውም አልቋል። ወዳጄ በር ላይ አቅፎ ሳመኝና «አላልኩህም? 30 ደቂቃ!» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔን አኩርቶኛል። ቤቴም ልጀምረው ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አምስት ደቂቃ። ከሞሰቡ እስከ አፍ ነዋ! ዶሮዋን ግቢ ለግቢ ማባረሩ አይቆጠርም። ላባ መንጨቱ አይቆጠርም። 12 ብልት ማውጣቱ፣ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ማጠቡ፣ ኧረ እሱ መዝናኛ ነው። ሽንኩርቱ? ያ ሁሉ ሽንኩርት ተልጦ፣ ተከትፎ፣ እስኪጠቁር ሲቁላላ የሚፈሰው እንባስ? እንባ በሰዓት አይለካም። በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋር እስኪታረቅ ቆሞ ማማሰሉም ምድር ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፣ በረራ ውስጥ አይገባም። እንቁላሉ ብቻውን ነው የሚላጠው። አምስት ደቂቃ ብያለሁ፣ አምስት ደቂቃ!

አዘዞ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስኳር አለባቸው። ልጃቸው በስልክ «ቅርብ ነው፣ 30 ደቂቃ» ስላላቸው ቁራሽ ዳቦ እንኳ አልያዙም። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ምናለ እውነቱን ብትነግሯቸው? «ከቤት እስከ ቤት ግማሽ ቀን ነው፣ ስንቅ ያዢ» ማለት ምን ያስከፍላል? እናንተ አፋችሁን ሞልታችሁ ታወራላችሁ፣ የሚራቡት እሳቸው ናቸው። ኬክ የሰጠቻቸው አንዲት የማያውቋት ልጅ ናት።

ወዳጄ ለጥምቀት ጎንደር ሊመጣ ነው። «ዶሮ ወጥ እንዳይቀር» ብሎኛል። ምን ችግር አለ? ልክ በሩን ሲያንኳኳ ዶሮዋን ማባረር እጀምራለሁ።