ልጁን የሚያወፍረው ሰፈሩ ነው ወይስ ቤቱ?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ በድሃ ሰፈር በሚያድጉ ልጆች ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚበዛው በሰፈሩ ኑሮ ነው ወይስ በቤት ውስጥ አያያዝ? "ሰፈሩ ነው" ባዩ ይጀምራል፣ "ቤቱ ነው" ባይዋ ትመልሳለች።

ሰፈሩ ነው፦ እንግሊዝ ውስጥ የ4 እና 5፣ እንዲሁም የ10 እና 11 ዓመት ልጆች በየዓመቱ ትምህርት ቤት ይመዘናሉ፣ ቁመታቸውም ይለካል። ከልክ በላይ የወፈሩት ልጆች ድርሻ፣ በጣም ድሃ በሆኑት ሰፈሮች ከባለጸጎቹ ሰፈር ከእጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ድሃ እናት ልጇን የምትወደው በግማሽ ነው? በፍጹም! አምሽታ፣ ደክሟት ትገባለች። በእጇ ባለው ገንዘብ ቶሎ የሚያጠግበውን ትገዛለች። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስኳርና ቅባት የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል። የት ሄዶ? መኪና የሚበርበት መንገድ ላይ? በር ዘግታ ልጇን ቴሌቪዥን ፊት የምታስቀምጥ እናት ሰንፋ አይደለም፣ ፈርታ ነው።

ቤቱ ነው፦ ወንድሜ፣ ስለ እናትየዋ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ግን በአሜሪካዋ ከተማ በፊላዴልፊያ የሆነውን ይመልከቱ። ጥሩ ምግብ እንደልብ በማይገኝበት ሰፈር አዲስ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ነዋሪዎቹ ምግብ ማግኘት እንደቀለላቸው ተናገሩ። ክብደታቸው ግን አልተለወጠም፤ የሚበሉት አትክልትና ፍራፍሬም አልጨመረም። ደግሞም በብዙ ድሃ አገሮች ውፍረት የሚበዛው በባለጸጋ ቤት ልጆች ላይ ነው። ችግሩ የሰፈር ድህነት ብቻ ቢሆን ይህ እንዴት ይሆናል?

ሰፈሩ ነው፦ ሱፐርማርኬቱ ሲከፈት የሰዉ ኪስ ያው ነበር፣ እህቴ። ሰፈር ማለት ሱቅ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአምስት ከተሞች፣ ለድሃ ቤተሰቦች ድህነት ወዳነሰበት ሰፈር የመዛወር ዕድል በዕጣ ተሰጠ። ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲታይ፣ ዕጣው ከወጣላቸው ሴቶች መካከል ከባድ ውፍረትና የስኳር በሽታ ቀንሶ ተገኘ።

እነዚህ አዋቂዎች ናቸው እንዳይሉኝ፣ ወደ ልጆቹ ልምጣ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ቀረጥ ጣለች። አምራቾቹ ቀረጡን ለመሸሽ ስኳሩን ቀነሱ። የ10 እና 11 ዓመት ሴት ልጆች ውፍረት ከሚጠበቀው 8 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ይበልጥ የቀነሰው ደግሞ በድሆቹ ሰፈሮች ነው! አንዲት እናት እንኳ አልተወቀሰችም።

ቤቱ ነው፦ ቀረጡን እኔም እደግፋለሁ። ግን ወንዶቹ ላይ ያ ለውጥ አልታየም፣ ትንንሾቹም ላይ እንዲሁ። እናቶችን ልወቅስ አልመጣሁም። የማዝነው "ሰፈርሽ ነው፣ ምንም ማድረግ አትችዪም" ሲባሉ ነው። ልጁ በጊዜ እንዲተኛ፣ ሲጠማው ውኃ እንዲጠጣ፣ እየበላ ስክሪን እንዳያይ ማድረግ ብዙ እናቶች ዛሬ ማታ የሚችሉት ነው። ሰፈሩ እስኪለወጥ ስንት ዓመት ይፈጃል? ያኔ ያ በ4 ዓመቱ የተመዘነው ልጅ 10 ሞልቶት፣ እንደገና ሚዛኑ ላይ ቆሟል።